ለወረደ ግማሹ

ልጇ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ተፈናጦ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ነበር። እናቱ የልብስ ቅርጫቱን እንደታቀፈች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከኋላዋ የደረሰችው ጎረቤቷ "ኧረ ያዢው፣ ምን ይገትርሻል?" ብላ አንሾካሾከች። ብትሮጥ ግን ደንግጦ ሚዛኑን ይስታል። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ባለው ብርቱካንና ቢላዋ ላይ አረፈ።

አያቷ ትዝ አሏት። በልጅነቷ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጮህባት፣ እሳቸው ብቻ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ከግንዱ ሥር ተቀመጡና ብርቱካን መላጥ ጀመሩ። "ለወረደ ግማሹ፣ ላልወረደ ልጣጩ" አሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት። ከዚያ ወዲህ "አያቴ ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቁም" ስትል ኖራለች።

ቅርጫቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ብርቱካኑንና ቢላዋውን አነሳች። ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና መላጥ ጀመረች።

"ለወረደ ግማሹ፣ ላልወረደ ልጣጩ" አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

ጎረቤቷ አፏን በእጇ ይዛለች።

"ትልቁን ግማሽ ነው የምትሰጪኝ?" አለ ልጁ።

"ወርደህ እየው፣ የኔ ጌታ።"

ትንንሽ እግሮች ወለሉን ሲነኩ ሰማች። ልጁ መጥቶ ትከሻዋ ላይ ተደገፈ።

"እማዬ፣ ደም ነክቶታል።"

አውራ ጣቷ ተቆርጧል፤ አልተሰማትም ነበር። ያን ቀን አያቷ የሰጧት ግማሽም ደም ነበረበት። "እጄ አርጅቶ ነው" ብለዋት አምናቸው ነበር።