ሽርጥ በጣራ ላይ

እጁ ዛሬም መጣ። በቦርሳው ሥር ተደብቆ ሽርጧን እየዳበሰ ወደ ጭኗ ይሄዳል። ዪ ሞን ጉልበቷን ትሰበስባለች፤ እጁ ይከተላታል። ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ የቢተል ቅጠሉን እንደ ጫት ያኝካል።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ነው። ወደ ልብስ ፋብሪካው የሚያደርሳት ይኼው ፒክአፕ ብቻ ነው። ትናንት ለእናቷ ብትነግራቸው፣ «እንግዲያው ሥራው ይቅርብሽ» አሏት። እሱ ይባልግ፣ እሷ ቤት ትቀመጥ።

«እጅህን አንሳ» ትላለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«ማን ነካሽ? ደግሞ ምንሽ ይነካል?»

ወንዶቹ ይስቃሉ። በሌላው ጎኗ የተቀመጡት አትክልት ሻጭ አሮጊት ቅርጫታቸውን ይበልጥ ወደ ደረታቸው ያስጠጋሉ። ከኋላ የተንጠለጠለው ረዳት፣ «እህቴ፣ ካልተመቸሽ ቦታ ቀይሪ» ይላታል።

«የት አለና?»

«ጣራው ላይ ነዋ» ብሎ በራሱ ቀልድ ይንከተከታል።

ጣራ የወንድ ነው። የሴት ሽርጥ ከወንድ ራስ በላይ ከዋለ የወንዱ ግርማ ይገፈፋል ይባላል። እናቷ እንኳ ሽርጣቸውን የሚያሰጡት ጓሮ፣ ዝቅ ያለ ገመድ ላይ ነው።

መኪናው ሰው ሊጭን ሲቆም ዪ ሞን ትወርድና የኋላውን መሰላል ትይዛለች። ረዳቱ እግሯን ሊይዝ ይቃጣውና፣ ከሥሯ መቆሙ ትዝ ሲለው ወደ ኋላ ይሸሻል። እሷ ወጥታ ጣራው ላይ ከተጫኑት የሩዝ ጆንያዎች በላይ ትቀመጣለች።

ከታች ትርምስ ይሆናል። ወንዶቹ አንገታቸውን ቀብረው፣ እየተጋፉ ይወርዳሉ። ሾፌሩ ሳይቀር በሩን ከፍቶ ይዘላል።

«ውረጂ አንቺ። ልታዋርጂን ነው?»

«አሳዳጊ የበደላት።»

ያንን ሰውዬ በዓይኗ ፈልጋ ታገኘዋለች።

«አንተ፣ እጅህ ያልፈራውን ሽርጥ ጭንቅላትህ ምን ሆኖ ፈራው?»

አሁን የሚስቅ የለም። ሾፌሩ ቁልፉን እያሽከረከረ፣ «ካልወረድሽ አልነዳም» ይላል።

«አትንዳ።»

መኪናው ውስጥ የቀሩት ሴቶች ብቻ ናቸው። ከመካከላቸው የአሮጊቷ ድምፅ ይመጣል፣ «ልጄ፣ እንዳትወርጂ።»

ዪ ሞን ሽርጧን አስተካክላ እግሯን በጣራው ጠርዝ ታንጠለጥላለች። ሰውየው ርቆ አስፋልቱ ዳር ቆሟል፤ በላዩ ከሰማይ በቀር ምንም የለም። ያንኑ ቦርሳ ግን በሁለት እጁ ራሱ ላይ ደፍቶታል።