ሦስት ደቂቃ ሞላ

እናትየው በሩ ላይ ቆማ የልጇን ሳቅ ታዳምጥ ነበር። ልጅቷ የተቀመጠችው እናቷ ሃያ ዓመት ሙሉ የሕዝብ ስልክ ስታስደውልበት በኖረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በኮምፒውተሩ ካሜራ ሩቅ አገር ለምትኖር አንዲት ደንበኛ ሹራብ እያገላበጠች ታሳይ ነበር። የኢንተርኔት መስመር ከገባ ወዲህ ስድስት ሹራብ ሠሪዎች በጓሮ ተቀምጠዋል፤ ሥራው ፋታ ነሥቷቸዋል። ከድሮው የቀረው ወረፋ ጠባቂዎች ተቀምጠው ተቀምጠው ያለሰለሱት አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው።

ጨዋታው ረዘመ። የእናትየው እጅ ሳታዝዘው ተነሣና እንደ ድሮው የበሩን መስታወት በቀለበቷ ሦስቴ አንኳኳ። “ሦስት ደቂቃ ሞላ!” አለች።

“እማዬ! ምን ነካሽ? ደንበኛ እኮ ነው የያዝኩት!” ልጅቷ ደንግጣ ዞረች። እናትየው በኀፍረት አፏን በመዳፏ ያዘች። በኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ደንበኛ ወደ ካሜራው ተጠጋች። “ይህቺን ማንኳኳትማ አውቃታለሁ” አለች። “እትዬ፣ በሞቴ፣ እንደዚያን ጊዜው አንዲት ደቂቃ ይጨምሩልኝ።”

እናትየው ዞራ አግዳሚውን አየችው። ባዶ ነበር።

“አውሪ ልጄ” አለቻት ደንበኛዋን፤ “ዛሬ ወረፋ የለም።”