ከበረዶው ሥር

ሰፈሩ «ሻለቃ» ይለዋል፤ ወታደር ግን ሆኖ አያውቅም። ጡረታ የወጣ የመጋዘን ኃላፊ ነው። ዓሣ መምረጥ ላይ የሚስተካከለኝ የለም ባይ ነው። የቀረውን ሰው ሁሉ፣ ሚስቱን ጨምሮ፣ ድመት ትሻለዋለች ብሎ ያምናል።

ዛሬ ግን ነገሩ ለጉራ ብቻ አልነበረም። ልጃቸው ከሆስፒታል ገና መውጣቷ ነው። ሐኪሙ ዓሣ ትብላ፣ የዋለ ከሆነ ግን አፏ እንዳይደርስ፣ አንጀቷ አይችለውም ብሏል።

«አንቺ ቅርጫቱን ብቻ ያዢ» አላት ሚስቱን፣ ገበያው በር ላይ። «ዓሣና ጫማ ለይተሽ አታውቂም።»

«እሺ» አለች። የቀሚሷ ጠርዝ ረጥቧል።

ሻለቃ ሻጯ ፊት ቆመ። መነጽሩን ከኪሱ ሳያወጣ አጎንብሶ አንዱን ዓሣ በጣቱ ጫፍ ገለበጠው።

«ይሄን ለሰው ትሸጫለሽ? አታፍሪም?»

«የፈለጉትን ይዩ ጋሼ» አለች ሻጯ። ፊቷ እንኳን አልተለወጠም። ይሄም አናደደው።

ወፍራሙን አነሳ። ሲጋራ በጨረሰው አፍንጫው አሸተተው፤ ሆዱን ጫን አደረገው። ጣቱ ያረፈበት ሰርጉዶ ቀረ።

«ይሄ ይሻላል።»

«እሱ ተሽጧል» ብላ ሻጯ ከእጁ ተቀበለችው።

«አየሽ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ጥሩውን ስነካባት ተሸጠ። ደህና ደህናውን ለወዳጆቿ ነው የምትደብቀው። ሌባ ናት።»

«አየሁ» አለች ሚስቱ።

«በረዶው ሥር ምን አለ?»

«እሱስ ይቅርብዎት ጋሼ።»

ከዚህ በኋላ ማን ያቆመዋል? እጁን እስከ ክርኑ በረዶው ውስጥ ከተተና አንድ ዓሣ መዘዘ። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ከጉንጩ ሥር ያለው ስንጥቡ ደም የመሰለ፤ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነፋ። ሻለቃ ገበያተኛው እንዲያይለት ወደ ላይ ከፍ አደረገው።

«ከእኔ ልትደብቂ?»

ሻጯ አንገቷን ደፍታ ሆድ ዕቃውን አወጣች፣ አጠበች፣ ጠቀለለችለት።

ሻለቃ ደረቱን ነፍቶ ፊት ፊት ሄደ። በር ላይ ለዘበኛው፣ አንዲት ሌባ እጅ ከፍንጅ እንዴት እንደያዘ ይተርክለት ጀመር።

ሚስቱ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ሻጯን ጠጋ አለቻት።

«ሌላ ጊዜ ጠዋት መርጬ የምሰጥሽን በጣም ወደ ታች አትቅበሪው፤ በረዶው እጁን ያሳምመዋል።»