ቀይ ዘይት

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን አልሄድም አለ። ነዳጁን ስትረግጠው ጩኸቱ ብቻ ጨመረ። ከኋላዋ ያለው ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ። የእጅ ፍሬኑን ሳበችና፣ «አባባ፣ የካምቢዮው ዘይት ያለቀ ይመስለኛል» አለች።

«ምን ሲደረግ ያልቃል? ዛሬ ጠዋት በእጄ ነው የሞላሁት» አሉ አባቷ ከጎኗ። ካምቢዮው ዘይት ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል፤ በየሳምንቱ የሚሞሉት ራሳቸው ናቸው፣ ሌላ ሰው ኮፈኑን እንዲከፍት አይፈቅዱም። አሁን የሚሄዱት ሐኪም ዘንድ ነው፣ የመርሳታቸውን ነገር ለማሳየት። እናቷ ሲሸኟቸው፣ «የዕድሜ ነው፤ ሰውዬውን በከንቱ አታንከራትቺው» ብለዋታል። እሷም ይህን ሳታምን አልቀረችም። መኪናውን እንዲህ የሚንከባከብ ሰው ምኑን ረሳ?

አንድ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈና የፊት መስታወቱን አቧራ አለበሰው። ሳታስበው የመስታወት ማጠቢያውን ተጫነች። ውሃ አልመጣም። ቀይ ዘይት ተረጨና ወረደ፤ መጥረጊያውም ከዳር እስከ ዳር ለቀለቀው። መንገዱ ጠፋ። የካምቢዮውን ዘይት ጠዋት የሞሉት የማጠቢያው ውሃ መያዣ ውስጥ ነበር።

አባቷ ቀዩን መስታወት አዩት። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ በሥርዓት የታጠፈ መሐረብ አወጡና መስታወቱን በውስጥ በኩል፣ ከጥጉ ጀምረው፣ ይጠርጉት ጀመር።

«ትንሽ ታገሺኝ፣ አሁን ይጠራልሻል።»

መጥረጊያው ከውጭ ይመላለሳል፣ እሳቸው ከውስጥ።

«እሺ አባባ» አለች።