ገብረኪዳንን የማይመስል ሥዕል

ሰውዬው ሥዕሉን ከግድግዳ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና ማጉያ መነጽሩን አወጣ። የእትዬ የወርቅውሃ ዐይን ከጣቶቹ አልተነሣም።

ሣህሌ ይባላል፤ የተላከው ከጅማ ነው። የተወረሱ ድርጅቶችን አሮጌ ዕቃ እየመረመረ፣ ዋጋ ያለውን ለአውደ ርእይ ይወስዳል፤ የማይረባውን ለቤቱ ሰው ይተዋል። የቦንጋው ሰም ማቅለጫ ሲወረስ ለእትዬ የወርቅውሃ የተረፋቸው ይህ የታተመ ሥዕል ብቻ ነው። ማቅለጫው ሃያ ዓመት ሲሞላው ባላቸው ገብረኪዳን ለመታሰቢያ በሠዓሊ አሥለው አዲስ አበባ ያሳተሙት ነው። እሳቸው መካከል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሠራተኞቹ በበርሜሎቹ ዙሪያ ቆመዋል። ሌሎቹን ቅጂዎች ዝናብና ምስጥ ጨርሷቸዋል። ገብረኪዳን ፎቶ ተነሥተው አያውቁም፤ ከሞቱ ወዲህ ፊታቸው ያለው እዚህ ወረቀት ላይ ነው።

«ድንቅ ኅትመት ነው» አለ ሣህሌ። «ቀለሙ አልለቀቀም። የሠራተኛው መልክ እንዲህ በትክክል የተያዘበት ሌላ አላየሁም። ጅማ መሄድ አለበት።»

እትዬ የወርቅውሃ ሥዕሉን ያላደነቀ እንግዳ ደግመው የማይጠሩ ሴት ነበሩ። አሁን ግን እንዳይወሰድባቸው ራሳቸው ያጣጥሉት ጀመር።

«ምኑ ነው ድንቁ? ሠዓሊው ሰካራም ነበር። የገብረኪዳንን አፍንጫ እየው፤ ዱባ ነው። ሰውዬው ድንክ ነበር፤ እዚህ ዝግባ አድርጎታል። የሞተ ሰው ማማት ሆኖብኝ እንጂ ይሄን ያህል የሚታይ መልክም አልነበረውም።»

«ታዲያ ለምን ሰቀሉት?»

«ግድግዳው ተቦድሶ ነው። ቀዳዳ ይሸፍንልኛል።»

ሣህሌ ዞር አለ። ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ከቀረው ግድግዳ ይልቅ ነጭና ደኅና ነው። በር ላይ ወደቆመው የቀበሌ ሊቀመንበር ፊቱን መለሰ።

«ጓድ ዳምጤ፣ አንተ እዚያ ሠርተሃል። የተሣሉት ሰዎቹን ይመስላሉ?»

ዳምጤ በወጣትነቱ ሰም ያቀልጥ ነበር። ከውርሱ ወዲህ እትዬ የወርቅውሃ ሰላምታውን ተቀብለውት አያውቁም፤ በሳቸው ቤት ስሙ «አስወራሹ» ነው።

ጎንበስ ብሎ ወንበሩ ላይ ያሉትን አየ። ከዚያ ከበርሜሉ አጠገብ የቆመውን ቀጭን ወጣት፣ ራሱን፣ ረጅም ጊዜ አየው።

«አይመስሉም» አለ። «ጋሽ ገብረኪዳንም እሳቸው አይደሉም፤ እኔም እኔ አይደለሁም። ዝም ብሎ ከራሱ ነው የሣለው።»

«እንግዲያ ይህን ይዤ ሄጄ መሳቂያ አልሆንም» አለ ሣህሌ። መነጽሩን ከትቶ ቀድሞ ወጣ።

ዳምጤ መቃኑን ይዞ ዘገየ። «ጣራው ያፈሳል፤ መልሰው እንዳይሰቅሉት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ያስገቡት። ሻጋታ እንዳይበላው በበጋ ያናፍሱት፤ ፀሐይ ላይ ግን አይሁን።»

«ለኔ ነው የምትነግረኝ?» አሉ። ሌላ ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ከአፋቸው የወጣው ይኸው ነው።

ብቻቸውን ሲቀሩ ነጠላቸውን ዘርግተው ሥዕሉን አስተኙበት። መጀመሪያ የባላቸውን ፊት ሸፈኑ፤ ዛሬ ያን ፊት ትክ ብለው ማየት አቃታቸው። የነጠላውን ሌላ ጫፍ ሲያነሡ ዐይናቸው ቀጭኑ ወጣት ላይ ዐረፈ። ያን ሁሉ ዓመት በሥዕሉ ሲኩራሩ ይህን ልጅ አንድ ቀን አስተውለውት አያውቁም።

ሠዓሊው በወጣቱ ግራ አውራ ጣት ላይ ያለውን የሰም ቃጠሎ ጠባሳ ሳይቀር ሥሎታል። ቅድም መቃኑን ይዞ የነበረው ያው ጠባሳ ያለበት አውራ ጣት ነው።