የከሰል ጫኚዎች ሞላ

ዋጊራ ወደ ጋራዡ የገባችው ቴምፔ ልትሸጥ ነው። የጠበሰችውን የአኩሪ አተር ቁራሽ በሰፌድ ይዛ በየጠዋቱ መንደሩን ትዞራለች፤ መካኒኩ ንጋዲሚንም ደንበኛዋ ነው። የባሏን የቱኪራንን ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማው ወልቆ ስታየው አልገረማትም። ቱኪራን የኋላው አሞርዛተር ዘይት ማፍሰስ እንደጀመረና ሊያስቀይረው እንደሆነ ነግሯታል።

"እትዬ ዋጊራ፣ አንቺስ ታድለሻል!" አለ ንጋዲሚን እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "እኔ ሚስቴን ከጆንያ ጋር ነው የምጭናት። ያንቺው ባል ግን 'ከኋላ የምትቀመጠው ወገቧን እንዳያማት፣ ካለህ ሁሉ ለስላሳውን ምረጥልኝ' እያለ ሲለማመጠኝ ነበር።"

ዋጊራ ሰፌዱን አስቀመጠች። ከዚያ ሞተር ኋላ ከተቀመጠች ዓመት አልፏታል። "አርጅቷል፣ ሁለት ሰው አይችልም" ብሎ የከለከላት ራሱ ቱኪራን ነው። እሷም ቃሉን አምና ቴምፔዋን ተሸክማ በእግሯ ስታዘግም ከረመች።

"እንዲያ አለህ?" ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

"ወላሂ! ደግሞ በመጣ ቁጥር 'ሞላውን አንድ ጥርስ አጥብቅልኝ፣ ክብደት ጨምራለች' ይለኛል። እኔማ ምንም አልታየኝም። የት ነው የደበቅሽው?"

ንጋዲሚን በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። ዋጊራ ግን ነገሩን መገጣጠም ጀመረች። ቱኪራን በየገበያው ቀን ርግቡን ከነጎጆው ይዞ ወደ ወፍ ዜማ ውድድር እሄዳለሁ ይላል። ርግቡ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ፊቱ በርቶ ነው የሚመለሰው። ከወር ወር ክብደት የምትጨምር፣ ወገቧን የሚጠነቀቁላት ሴት ምን እንደሆነች ደግሞ ለወለደች ሴት ማስረዳት አያስፈልግም።

"አስረግዟታል" አለች በልቧ።

የቀራት እሱ ብቻ ነበር። አንድያ ልጃቸው ዊናርሲ እናቷ ያልወደደችውን ሰው አግብታ ባታም ደሴት ፋብሪካ ገባች ከተባለ ወዲህ ዋጊራ ስሟ በቤቷ እንዲነሳ አትፈልግም። ቱኪራንም ላያነሳ ምሎላታል። ያን ቀን እጁን ይዛ "እንግዲህ እኔና አንተ ነን" ብላው ነበር። እኔና አንተ!

"እስቲ አሞርዛተሮቹን አሳየኝ" አለች።

ንጋዲሚን ሁለት ጥንድ አወጣ። የሁለቱም ሞላ ቀይ ነው፣ ቁመታቸውም እኩል ነው።

"ይሄ ለስላሳው ነው፣ ከኋላ ሰው ለሚጭን። ጉድጓድ ሲያገኘው ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ይሄኛው የከሰል ጫኚዎች ነው። ጆንያ ብትከምሪበት ንቅንቅ አይልም። ሰው ብትጭኚበት ግን በኛ የድንጋይ መንገድ ወገብ ይቆርጣል፣ ሆድ ዕቃ ያናውጣል።"

"የከሰሉን ግጠምለት።"

"እንዴ! ወገብሽስ?"

"የኔ ወገብ ምን ይሆናል? እንዲበረክትለት ብዬ ነው። ደግሞ እኔ መረጥኩ ብለህ እንዳትነግረው፤ ሴት መረጠችልህ ሲሉት ደስ አይለውም።"

ንጋዲሚን ትንሽ አንገራገረ፤ ኋላ ግን ወገቡ የራሷ ነው ብሎ ገጠመው። ማታ ቱኪራን ሞተሩን ይዞ ሲመጣ መቀመጫውን በመዳፉ ተጫነው። "ጠንከር አለ። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራ ይላላል" አለ። ዋጊራ ሩዙን አቀረበችለት።

በዒድ ቀን ከሶላት መልስ ቱኪራን አዲሱን ሸሚዙን እንደለበሰ ሞተሩን አስነሳ።

"ዛሬ ከቤት እንዳትወጪ" አላት። "ሰው ይዤልሽ እመጣለሁ።"

"ማንን?"

"ስመጣ ታያለሽ። ብቻ በአላህ፣ እንዳትቆጪ።"

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የሞተሩ ድምፅ ሲርቅ ለዋጊራ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። በዒድ ታናሽ በታላቁ ጉልበት ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ይለምናል። የጎረቤት ልጆች ከጠዋት ጀምሮ እየመጡ ተንበርክከውላታል። በዚህ ቀን የለመነን ሰው መግፋት ነውር ነው፤ መንደሩ ሁሉ ይታዘባል። እና ቱኪራን ያቺን ሴት አምጥቶ እግሯ ላይ ሊጥልባት ነው! እምቢ በማይባልበት ቀን! ክህደቱ ሳያንስ አስልቶት ኖሯል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ትራስ ተንተርሳ መኖሯ አቃጠላት።

የስድብ ቃሏን አዘጋጅታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሞተሩ ከወንዙ በኩል እየወጣ ነው። በየድንጋዩ ላይ ድው፣ ድው ሲል ከሩቅ ይሰማል። ብቅ ሲል፣ ከቱኪራን ኋላ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ያጠለቀች ሴት ወደ ጎን ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ሸሚዙን ጨምድዳለች፣ በሌላው የገፋ ሆዷን ደግፋለች።

"እንዳታስገባት!" ብላ ጮኸች ዋጊራ። "ከነዲቃላዋ ወዳመጣህበት መልሳት!"

ቱኪራን የሰማት አይመስልም። ፊቱ አመድ መስሎ ሴትዮዋን ደግፎ አወረዳት። መራመድ አቃታት። ሽርጧ ከጉልበቷ በታች በደም ርሷል። ዋጊራ ደሙን አየችው፣ ሞላው ሥራውን እንደሠራም ገባት፤ እና አላህ ይቅር ይበላት፣ ለቅጽበት ደስ አላት።

ሴትዮዋ ዋጊራ እግር ሥር ተንበረከከች። ሄልሜቱን ቱኪራን አወለቀላት።

"እማዬ" አለች ዊናርሲ፣ "ከባታም ከተመለስኩ ወራት ሆነኝ፤ ይቅር በይኝ።"