የቀለበቶቹ ባለቤት

የደን ባለሙያው አንድ መጽሐፍ ሲጠላ ሠላሳ አራት ዓመት ኖረ። መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ነበር።

ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ደኑ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የዓመቱ ሁለት ዝናቦች በየተራ ሲወርዱበት፣ የዛፎቹን ግንድ በመሰርሰሪያ እየበሳ ቀለበቶቻቸውን በመርፌ ጫፍ ቆጠረ። ለአንድ ዓመት አንድ ቀለበት፤ ትምህርት ቤት ያስተማሩት እንደዚያ ነው። አራት መቶ ሞላ። የደኑን ታሪክ ጽፎ ለአለቃው አስረከበ። አለቃው አንብቦ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይታረም» አለ። የታረመው የጸሐፊው ስም ብቻ ነበር።

በዚያ መጽሐፍ አለቃው ዶክተር ተባለ፤ ውሎ አድሮም ዋና ዳይሬክተር ሆነ። ደኑ አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ሳይሰፍርበት የኖረ ነው ተብሎ ታጠረ። «ሦስት መቶ ዓመት ኖረንበታል» እያለ የሚምል አንድ መንደርም ከነከብቱ ተነሣ። ባለሙያው ችግኝ ጣቢያ ተወርውሮ ከረጢት በአፈር ሲያስሞላ ኖረ።

ቂሙን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ሚስቱማ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እሱ ሲያስነጥሰው እሷ ከመካከል ትቀጥልለታለች።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ዋና ዳይሬክተሩ አስጠራው። ዕድሜ ልኩን «አንተ» ሲለው የኖረ ሰው ብድግ ብሎ ወንበር ሳበለትና «ይቀመጡ» አለው። አንዲት ተመራማሪ ደኑን እንደ አዲስ አጥንተው መጨረሳቸውን፣ ውጤቱም በአዳራሽ እንደሚነገር አወራው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሕሊናዬ አላስተኛኝም። መጽሐፉ የእርስዎ መሆኑን በሰው ፊት ልናገር ነው። ቀለበቶቹን የቆጠሩት ብቻዎን ነበር አይደል?»

«ብቻዬን።»

«እኔ ምንም አላገዝኩም?»

«እርስዎማ ደኑን ያዩት ከመኪና መስኮት ነው።»

«እሱንም ይጻፉልኝ።»

ባለሙያው ሦስት ገጽ ጽፎ በየገጹ ፈረመ። ዳይሬክተሩ በየገጹ ማኅተም አስመታ። ሌባ ለሰረቀው ዕቃ የርክክብ ሰነድ ሲያዘጋጅ ያየው የመጀመሪያ ሰው እኔ ነኝ ብሎ ባለሙያው በልቡ ሳቀ።

ሚስቱ ግን አልሳቀችም። «ሰውየውን ሐኪም አንድ ነገር ብሎታል» አለች። «ጤነኛ አለቃ አይናዘዝም።»

«ስሜን ይጥራና ይሙት። ቀብሩ ላይ ከፊት እቆምለታለሁ።»

በቀኑ ክራቫቱን ሦስት ጊዜ አስሮ ሦስት ጊዜ ፈታ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የፊት ወንበሮቹን የያዙት የዚያ የተነሣው መንደር ሽማግሌዎች ነበሩ። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ አንገቱን ደፋ። አንዲት ቀለበት እንኳ አልቆጠርኩም፣ ጥናቱም ስሌቱም ድምዳሜውም የእኚህ ሰው ብቻ ነው አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሽማግሌዎቹ አላጨበጨቡም። ገበሬ የጥናት ወግ ከየት ያውቃል ብሎ ባለሙያው ናቃቸው። ከአጠገባቸው የተቀመጠው ባለ ጥቁር ኮት ግን ደስ አሰኘው፤ ሙሉ ስሙን ጠየቀው። ጋዜጠኛ መስሎት እስከ አያቱ ነገረው፤ እንዳይሳሳትም ፊደል በፊደል አስያዘው።

ወዲያው ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ «እያንዳንዷ ቁጥር የእኔ ናት!» አለ። ሠላሳ አራት ዓመት የተደፋ አንገት ቀና አለ። ወርዶ ሲቀመጥ ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ እያለቀሰች ነበር።

ተራው የተመራማሪዋ ሆነ።

«በዚህ አገር ዛፍ በዓመት ሁለት ዝናብ ስለሚያገኝ ሁለት ቀለበት ይሠራል» አሉ ተመራማሪዋ፤ «ስለዚህ ደኑ ሁለት መቶ ዓመቱ ነው፣ መንደሩ ይበልጠዋል፤ ሽማግሌዎቹ የከሰሱበት ፍርድ ቤት እስከ ዛሬ ያጣው ተከሳሹን ብቻ ነበር።»